ነብሩና ድንጋዩ

አባቴ የሚመታን በቀበቶ ነበር፤ ያውም በዘለበቱ በኩል። ከመምታቱ በፊት ግን ስብከት አለው። ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከሰቀላቸው ሥዕሎች ሥር ያንበረክከንና "ልጅ ማለት ይሄ ነው" ይለናል።

ሥዕሎቹ የጃፓን ናቸው። አባቴ መንገድ ሥራ ላይ ግሬደር ሲነዳ አብሮት የሠራ አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ አገሩ ሲገባ ነው የሰጠው። እንጨት ላይ ተቀርጸው፣ ቀለም ተቀብተው ወረቀት ላይ የታተሙ፣ ለወላጆቻቸው ሲሉ ስለሚሰቃዩ የጥንት ልጆች የሚናገሩ ናቸው። አንዱ ልጅ እናትና አባቱን ቢምቢ እንዳይነክሳቸው ራቁቱን ሆኖ ራሱን ያስነክሳል። ሌላው አባቱን ሊበላ በመጣ ነብር ላይ በባዶ እጁ ዘሎ ይሰቀላል። አባቴ ሳሪስ ወስዶ በመስታወት አስገጠማቸው፤ ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሲኦል ሆነ። እውነቴን ነው። ከቤታችን በታች ያለው የአቃቂ ወንዝ ቢምቢ የሚታወቅ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን ሸሚዙን አስወልቆ እሱ ከሚተኛበት አልጋ ራስጌ ሌሊቱን ሙሉ ያስቀምጠው ነበር። ጠዋት ጀርባው አባብጦ ሲያየው "እሰይ" ይለዋል። ያ ጃፓናዊ ምን ብሎ እንዳስረዳው እንጃ፤ እንዲህ አድርግ ያለው ግን አይመስለኝም።

እናቴን ለመምታት ሥዕልም አያስፈልገውም። ወጡ ቀጠነ ብሎ ይመታታል፣ ቀና ብላ አየችኝ ብሎ ይመታታል። ወንድሜ አድጎ ቱሉ ዲምቱ መስመር ሚኒባስ ላይ ረዳት ሆነ። አንድ እሁድ ለምሳ ሲገባ አባቴ እናቴን መሬት ላይ ጥሎ በዘነዘና እየቀጠቀጣት ደረሰ። ክንዷ ሲሰበር ድምፁን ሰምቻለሁ፤ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። ወንድሜ ዕድሜውን ሙሉ ተንበርክኮ ሥዕሉ ላይ እንዳየው ልጅ ዘሎ ከኋላ አባቴ አንገት ላይ ተሰቀለ። ተያይዘው ግድግዳው ጋ ሲላተሙ የነብሩ ሥዕል መስታወት አባቴ ግንባር ላይ ተሰበረ። ደም ዓይኑን ሸፈነው። ወንድሜ ዘነዘናውን ነጥቆ ሲያነሳ ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ ዛሬ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ስንቅ አመላላሽ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ የሚያወራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ "እረግመዋለሁ"። በእኛ ሰፈር አባቱ የረገመው ልጅ አለቀለት ማለት ነው። ሚስት የሚሰጠው የለም፣ ቢታመም እንኳ "የአባቱ እርግማን ነው" ተብሎ ይተዋል። ወንድሜም ይህን ያምናል፤ እንቅልፍ አጥቶ ከሳ። የእድር ሽማግሌዎች መጥተው ፈረዱ፦ ድንጋይ ተሸክሞ አባቱ እግር ላይ ይውደቅ፣ አለዚያ ይረገም። የእናቴን ጀሶ ልብ ያለው የለም። "እሷስ?" ብላቸው ዝም በይ ተባልኩ።

ቀኑ ደርሶ ወንድሜ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ አንገቱ ላይ ተሸክሞ ገባ። አባቴ ግንባሩን በፋሻ ጠምጥሞ ወንበሩ ላይ ተኮፍሷል። ወንድሜ አጠገቡ ደረሰና አልፎት ሄደ። ሄዶ እናቴ እግር ሥር ተንበረከከ።

"እማዬ፣ ስለዘገየሁ ይቅር በይኝ።"

አባቴ ብድግ አለ። "ጥቁር ውሻ ውለድ" ብሎ ሊረግመው አፉን ሲከፍት እናቴ በደህና እጇ የልጇን ራስ ይዛ ድምጿን ከፍ አደረገች። እኛ ልጆቿ ያንን ድምፅ ሰምተነው አናውቅም።

"ዕድሜ ይስጥህ።"

ሽማግሌዎቹ ምርቃት ሲሰሙ ልማድ ነውና "አሜን" አሉ።

"ልጅ ይስጥህ። ልጅህ አይፍራህ።"

"አሜን።"

እርስ በርስ ተያዩ፤ ግን አፋቸው ቀድሟቸዋል። ሽማግሌ አሜን ብሎ የመረቀውን ማን ይረግማል፤ አባቴ እርግማኑ አፉ ውስጥ እንዳለ ቆሞ ቀረ። እሷ መመረቋን ቀጠለች፣ እኔም ሄጄ ድንጋዩን ከወንድሜ አንገት ላይ አወረድኩ።