መርፌ የተባለችው አንባቢ

መነጽር ቤቱ ከሰዓት በኋላ ጭር ይላል። ጠዋት የሐኪም ወረቀት የያዙ ሰዎች ይጋፉበታል፤ ከምሳ በኋላ ግን ከጓሮ ክፍል የሌንስ መሞረጃው ድምፅ ብቻ ይሰማል። ሻጯ ይህችን ሰዓት ትወዳታለች። ፍሬሞቹን በጨርቅ ወልውላ ከደረደረች በኋላ ስልኳን ከባንኮኒው ሥር ጉልበቷ ላይ ታደርግና ታነባለች።

የምታነበውን ለማንም አትናገርም። በስልክ የሚከፈት አንድ የንባብ ገጽ አለ። የድሮ ዘመን አጫጭር የፍቅር ታሪኮች ይወጡበታል፦ የጦር አዛዦች፣ ደንገጡሮች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ባለጸጋ ነጋዴዎች። ሁሉም ታሪክ ዞሮ ዞሮ መኝታ ቤት ይገባል፣ ሲገባም በሩን አይዘጋም። እሷ ደግሞ ባለትዳርና የልጆች እናት ናት። ደንበኛ ድንገት ሲመጣ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል፤ ስልኩን ገልብጣ “ምን ልታዘዝ?” ትላለች። “እኔ ለታሪኩ ብዬ ነው” እያለች ራሷን ታጽናናለች፤ ራሷም አታምናትም።

ከታሪኮቹ ይልቅ የጣማት ግን ከሥራቸው የሚጻፈው አስተያየት ነበር። አንዱ “መኝታውን አሳጥሩት፣ ጦርነቱን አስረዝሙት” ይላል። ሌላዋ ተቀብላ “ጦርነት ያማረው ወታደር ቤት ይግባ” ትላለች። አንድ ሽማግሌ የሚመስሉ ሰው በየታሪኩ ሥር “በዚያ ዘመን ሰው እንዲህ በግልጽ አይነጋገርም ነበር” ብለው ይቆጣሉ፤ አንድም ታሪክ ግን አምልጧቸው አያውቅም።

እያደር እሷም መጻፍ ጀመረች። ስሟን “መርፌ” አለችው። ቤት ውስጥ ዝምተኛ፣ ሥራ ቦታ ጨዋ የምትባለዋ ሴት እንዲህ ያለ ምላስ እንዳላት አታውቅም ነበር። ትንሽ ቆይቶ አንባቢዎች ታሪኩን ዘለው “መርፌ ዛሬ ምን አለች?” ማለት ጀመሩ። ደስ አላት። ደስታው ደግሞ ሌላ ቦታ አግኝታው የማታውቀው ዓይነት ነበር።

አንድ ቀን “ጥላ” በሚል ስም የምትጽፍ አዲስ ሴት ብቅ አለች። ታሪኳ ስለ አንድ የቤተ መንግሥት በር ጠባቂና ካባውን ስለምትጠግንለት ልብስ ሰፊ ነበር። መኝታ ላይ ሲደርሱ ጠባቂው የቀሚሷን ማሰሪያ አንድ በአንድ ከመፍታቱ በፊት “ልፍታው?” ይላታል። እሷም “ፍታው” ትለዋለች። ይጠይቃል፣ ትመልሳለች፤ በሹክሹክታ።

መርፌ ሥራዋን ሠራች። “ይሄ ፍቅር ነው የጉምሩክ ፍተሻ? ጸሐፊዋ በዕድሜዋ ከትራስ በቀር ያቀፈችው ያለ አይመስለኝም። እህቴ፣ መጀመሪያ ኑሪው፣ ከዚያ ትጽፊዋለሽ።”

ሳቁ ጎረፈ። ሰው “ትራስ፣ ትራስ” እያለ ይቀባበለው ጀመር። ጥላ አንድም ቃል ሳትመልስ ከገጹ ጠፋች።

ሻጯን ያሳደገቻት አክስቷ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች፤ የእናቷ ታናሽ እህት ወስዳ እንደ ልጇ አሳደገቻት። “እቴቴ” ነው የምትላት። እቴቴ ጡረታ እስክትወጣ የስልክ ማዞሪያ ውስጥ ሠርታለች፤ የስንቱ ፍቅርና ጠብ በጆሮዋ ሲያልፍ ኖሯል። ራሷ ግን አላገባችም። ቤተ ዘመዱም “እሷ እንዲሁ ናት” ብሎ ነገሩን ከዘጋው ቆይቷል።

አንድ ቅዳሜ ሻጯ አዲስ መነጽር ይዛላት ሄደች። እቴቴ መስኮቱ ሥር ካለው ሶፋ ላይ ተቀምጣ አደረገችውና ግራና ቀኝ አየች።

“አፍንጫዬን ትንሽ ይዞኛል። ግድ የለም፣ ይለምደኛል” አለች። ከዚያ ስልኳን አቀበለቻት። “እስቲ ፊደሉን አተልቂልኝ። በዚህ ስልክ ነው ዓይኔ ያለቀው።”

ሻጯ ስልኩን ከፈተች። የምታውቀው ገጽ ነው። ከላይ “እንኳን ደህና መጣሽ፣ ጥላ” ይላል።

“እቴቴ፣ ይሄ ምንድነው?”

እቴቴ ልትነጥቃት እጇን ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። “እንግዲህ አየሽው። እንዳትስቂብኝ። ጡረታ ሰለቸኝ፤ የማላውቀው ሰው ያንብበው ብዬ ጻፍኩ። ለዘመድ የሚነበብ አይደለም።”

“አልሳቅሁም።”

“ሰዉ ግን ሳቀ። መርፌ የምትባል አንዲት አለች፤ ‘ከትራስ በቀር ያቀፈችው የለም’ አለችኝ።” ቃል በቃል ታውቀዋለች። “መጀመሪያ ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ብቻዬን መኖሬ ሳይታወቅብኝ አይቀርም አልኩ። አጻጻፌ ያሳብቃል ማለት ነው።”

ሻጯ ፊደሉን አተለቀችና ስልኩን መለሰች። የቀረበላትን ምሳ ሁለት ጊዜ ጎርሳ “ጠግቤያለሁ” አለች። እቴቴ “ከስተሻል፣ ምን ሆነሻል?” እያለች ተጨማሪ አደረገችላት።

ሳምንቱን ሙሉ ሥራው አልሆንላት አለ። የአንዱን ደንበኛ የሌንስ ትእዛዝ ከሌላው ፍሬም ጋር ብትልክ የጓሮው ሌንስ ሞራጅ “ዛሬ አንቺ ራስሽ መነጽር ያስፈልግሻል” አላት። አስተያየቱን አጠፋችው፤ ሳቁ ግን ከሥሩ እንዳለ ቀረ፣ ሌሎችም ገልብጠውት ነበር። የምታደርገው ቢጠፋት ሌላ ስም አወጣችና ምስጋና ጻፈች፦ “ድንቅ ብዕር! እንዲህ ያለ ታሪክ አንብቤ አላውቅም። እባክሽ ቀጥይ።” ስትልከው ትንሽ ቀለል አላት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እቴቴ ራሷ አነሳችው።

“አንዷ ደግሞ አሞገሰችኝ” አለች፤ ደስ ያላት ግን አትመስልም። “ይቺኛዋ አላነበበችውም።”

“እንዴት አወቅሽ?”

“ስለ ምኑም አላለችም እኮ። ስለ ጠባቂው የለ፣ ስለ ሴትዮዋ የለ። አዝናልኝ ነው። ያቺ መርፌ ብትሰድበኝም እስከ መጨረሻው አንብባኛለች።”

ሻጯ ከዚህ በላይ አልቻለችም። “እቴቴ፣ ሁለቱም እኔ ነኝ” አለች።

“ምን ሁለቱም?”

“የሰደበችሽም ያሞገሰችሽም። መርፌ እኔ ነኝ። አንቺ መሆንሽን አላወቅሁም።”

እቴቴ አዲሱን መነጽር አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ትጠርገው ጀመር። ለረጅም ጊዜ ጠረገችው። ሻጯ “መስታወቱን ይጭረዋል” ልትል አስባ አፈረች።

“ብታውቂ አትጽፊውም ነበር፣ አይደል?” አለች እቴቴ በመጨረሻ። “ሌላ ሰው ብሆን ግን ምንም አይደለም ማለት ነው።”



“ያ ሰውዬ ማሰሪያውን እየጠየቀ የሚፈታው ከልቤ ፈጥሬው አይደለም” ስትል እቴቴ ቀጠለች፤ የምታየው መስኮቱን እንጂ እሷን አልነበረም። “ማዞሪያ ቤት መስመር የሚጠግን ሰው ነበረ። እዚህ ቤት ይመጣ ነበር። አንቺ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ትተኛለሽ፣ እንቅልፍሽ ቀላል ነው። ጮክ ብሎ መተንፈስ እንኳ አይቻልም። ሁሉን ነገር በሹክሹክታ ነው የሚጠይቀኝ። ‘ልፍታው?’ ይለኛል። እንደዚያ የጠየቀኝ ሰው ከዚያም ወዲህ የለም።”

“ታዲያ የት ሄደ?”

“ሥራ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው። አብረን እንሂድ አለኝ፤ ልጅቷን ለጊዜው ለዘመድ እንስጣት፣ ኋላ እናመጣታለን አለ። ኩፍኝ ይዞሽ ነበር ያን ሰሞን። እኔ አልሰጥም አልኩ።” መነጽሯን አደረገች። “ይሄን የምነግርሽ ውለታ ለመቁጠር አይደለም። ለመርፌ መመለስ ፈልጌ በሰው ፊት የምመልስበት አፍ ስላልነበረኝ ነው።”

ሻጯ ተነስታ የእቴቴ እግር ሥር ልትቀመጥ ሞከረች። እቴቴ በእጇ ከለከለቻት።

“አሁን ሂጂ፣ ልጄ። አልተቆጣሁም። አይ፣ ተቆጥቻለሁ። ሂጂ፣ ሲበርድልኝ እደውልልሻለሁ።”

ሻጯ በእግሯ ነበር ወደ ቤቷ የሄደችው። ባሏ “አሞሻል?” ሲላት “እቴቴን አስቀይሜያታለሁ” አለችው፤ በምን እንደሆነ ግን መናገር አቃታት። መርፌ በሚለው ስም አንድ የመጨረሻ ነገር ጻፈች፦ ስለ ጥላ የጻፍኩት ነውር ነበር፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንባቢዎቹ “መርፌ ዶለዶመች” ብለው ሳቁባት። ይገባኛል ብላ ስሙን ዘጋችው።

እቴቴ ስልክ አልደወለችም፤ ብዙ ቆይታ ራሷ ወደ መነጽር ቤቱ መጣች። “አፍንጫዬን እንደያዘኝ ቀረ” አለች። ሻጯ የአፍንጫ መያዣውን በጉጠት እያላላች የእቴቴ ፊት ላይ ለካችው። ጣቶቿ የእቴቴን ጉንጭ ነኩ።

“አሁንስ?”

“አሁን ደህና ነው።” እቴቴ ቦርሳዋን አነሳች። “አዲስ ታሪክ ጽፌያለሁ። ሰሞኑን ይወጣል። አንቺ እንዳታነቢው።”

“እሺ፣ እቴቴ።”

“ለማያውቀኝ ሰው ነው የምጽፈው። አንቺ አሁን ታውቂኛለሽ።”

ታሪኩ ወጣ። ሽማግሌው “በዚያ ዘመን” ብለው ተቆጡ፣ ሌሎች ደግሞ ደጋግመው እንዳነበቡት ጻፉ። ሻጯ ታሪኩን ሳታነብ ዘላ አስተያየቶቹን ብቻ አየች፤ ገጹን ዘጋችና ከስልኳ ላይ አጠፋችው። ቅዳሜ ቅዳሜ አሁንም ትሄዳለች። ይበላሉ፣ ስለ ልጆቹ ያወራሉ፣ ይስቃሉም። እቴቴ አንዳንዴ ከወሬው መሃል ስልኳን አንስታ አንድ ነገር ታነብና ለብቻዋ ፈገግ ትላለች። ሻጯ ያን ጊዜ ሳህን ለማንሳት ትነሳለች።