አራት ቀን ዝም ያለው ሞተር

ቤቴ ከወፍጮ ቤቱ ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለዚህ ወፍጮኛው ደጅይጥኑ ያንን አሮጌ ሞተር ሲያስነሳ አስራ ዘጠኝ ዓመት ሰምቻለሁ። ግራ ጆሮውን ሞተሩ በልቶታል፣ ቀኙም እየደከመ ነው። ዘይት ግን በጣቱ ያነባል። ጠዋት ጠዋት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ ጠብታዋን በሁለት ጣቱ ያሻትና “ገና ነው” ወይም “ጠቁሯል፣ ይቀየር” ይላል። ተሳስቶ አያውቅም።

የሚፈራው የሞተሩን መቆም ነው። በጦርነቱ ጊዜ ናፍጣ ጠፍቶ ወፍጮው ሲዘጋ ሚስቱ ጥሩሐረግ ዓመት ከመንፈቅ በድንጋይ መጅ ፈጭታለች። ዛሬ የቀኝ እጇ ጣቶች አይዘረጉም። ሰቆጣ ያየቻት ሐኪም “መጅ እንደገና ከያዝሽ ግራውም ይከተላል” አለቻት። መጁ ጓሮ ተጥሎ ዶሮ ይቆምበታል። ሞተሩ ደግሞ አርጅቷል፣ መለዋወጫም የለው፤ ሌላ ወፍጮ ያለው የግማሽ ቀን መንገድ ተሂዶ ነው።

ልጃቸው ዮርዳኖስ ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ስለ ሞተር ዘይት ነው። ለመስቀል ወደ አገራችን ጋዝጊብላ ስትመጣ ቀለም የመሰለ ጥቁር ነገር በጠርሙስ ይዛ መጣች። ከጥላሸት እጅግ የደቀቀ ካርቦን ነው፣ ናኖ ይሉታል አለችን። ዘይት ውስጥ ሲጨመር ብረትና ብረት መሐል ገብቶ ፍትጊያውን ያቀላል፣ የደከመ ሞተር ዕድሜ ያስረዝማል። እውነቷን ነው፤ ከተጨመረ በኋላ ሞተሩ ሳምንታት እንደ ጎረምሳ ሠራ። እኔ ግን አልወደድኩትም። ዘይቱ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጥቁር ነዋ! ደጅይጥኑ ያሻል፣ ጣቱን ያያል፣ እንደገና ያሻል።

“ዛሬስ ዘይቱ ምን አለህ?” አልኩት አንድ ቀን።

“ምንም አይለኝም። ሁልጊዜ አንድ ነው” አለኝ።

ዮርዳኖስ ስትሄድ አስጠንቅቃው ነበር። “አባየ፣ ይኼ ገና ሙከራ ነው። ዘይቱ ከቆመ ካርቦኑ ተጓጉሎ ከሥር ይዘቅጣል። ባይፈጩም በየቀኑ ትንሽ ያስነሱት።” እሺ አላት። በዓል የማያውቅ የቤተ ሙከራ ማሽን አስለምዷት ነው መሰለኝ፣ የአገሯን በዓላት ረሳች። እሱም አላስታወሳት።

የጥቅምት መጨረሻ መጣ። ሐሙስ መድኃኔ ዓለም፣ ዓርብ አማኑኤል፣ ቅዳሜ በዓለ ወልድ፣ እሑድ ሰንበት። በእነዚህ ቀናት ወፍጮ አይፈጭም፤ የሞተሩ ድምፅ ደግሞ እስከ ማዶው መንደር ይሰማል። ረቡዕ ቄስ ገብረ ሊባኖስን ጠየቃቸው።

“አባ፣ እህል ሳይገባበት ባዶውን ትንሽ ባስነሳውስ?”

“ባዶ መሆኑን እግዜር ያውቃል” አሉት። “ሰው የሚሰማው ግን ድምፁን ነው።”

አላስነሳም። አራት ቀን ሙሉ ደጄ ተቀምጦ የተዘጋውን የወፍጮ ቤት በር ሲያይ ዋለ። አንጀቴን በላው። “ተነስ አስነሳው፣ እኔ እመሰክርልሃለሁ” ልለው ቃጣኝና ተውኩት። እኔም ወሬ እፈራለሁ፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ሰኞ ጠዋት ሴቶቹ ማሽላቸውን ተሸክመው ተሰለፉ። ደጅይጥኑ ዘንጉን መዞ አሸ። ጥቁር። እጀታውን አዙሮ አስነሳው፣ መጀመሪያ ደህና ሄደ። ከዚያ ከሞተሩ ሆድ ደረቅ ኳኳታ ሰማሁ። እሱ አልሰማውም፤ እህሉን ማፍሰስ ጀምሮ ነበር። ሮጬ ትከሻውን እስክይዘው ብረት ከብረት ተናክሶ ቀጥ አለ።

ከፍተን ስናየው የዘይቱን ማጥለያ ጥቁር ጭቃ ደፍኖታል። ጠብታ ዘይት ወደ ላይ አልወጣም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል።

ወደ ቤቱ ሸኘሁት። መንገዱን ሁሉ “ምን ብዬ ልንገራት?” ይለኝ ነበር። መንገር አላስፈለገውም። ጥሩሐረግ የሞተሩ ድምፅ ሲቋረጥ ሰምታ መጁን ከጓሮ አምጥታለች፤ በግራ እጇ እያጠበችው ነበር።