አሠሪያችን፣ ቤዝቦልና የባንኮኒው ወንበር

በምሠራበት የሲያትል ላውንደሪ ውስጥ አንድ ወንበር ብቻ ነበር፤ እሱም ፊት ለፊት፣ ባንኮኒው ጋ። እኛ ከኋላ ቆመን እንተኩሳለን። ባንኮኒ ላይ ትሠራ የነበረችው ልጅ አግብታ ዴ ሞይን የሚባል ከተማ ስትገባ ወንበሩ ባዶ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። ወንበሩን ፈልጌ አይደለም፤ ለኔ እንዳይሰጠኝ ፈርቼ ነው። ከስድስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ እንግሊዝኛዬ ከአሥር ቃል አያልፍም፤ በአማርኛም ቢሆን ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። በእንፋሎት ተጋርዶ ሸሚዝ መተኮስ ግን ጥሩ ሥራ ነው። ሸሚዝ አያነጋግርም።

አሠሪያችን አሜሪካዊ ነበር። ለሱ ንግድ ማለት ቤዝቦልና ሳሙና ነው። በየዓመቱ ኤፕሪል ገብቶ ውድድሩ ሲጀመር ሱቁን ይዘጋና ሠራተኛውን በሙሉ ስታዲየም ይወስዳል። በማግስቱ ጠዋት እያንዳንዳችን ከጨዋታው ለንግድ የሚሆን አንድ ትምህርት አውጥተን እንናገራለን። የዚያን ዓመት ደግሞ «ጥሩ የተናገረ ባንኮኒው ላይ ይቀመጣል» ብሎ አወጀ።

ይህን የተረጎሙልኝ እትዬ ናቸው። እትዬ የወሎ ሴት ናቸው፤ ከኔ ቀጥሎ ባለው ካውያ ይሠራሉ፤ እንግሊዝኛውን እንደ ውሃ ይጠጡታል። ከመቆም ብዛት እግራቸው እንደ ቡሆ ይነፋል።

«እትዬ፣ አንድ የማይረባ ነገር ይንገሩኝ። ልሸነፍ።»

«ዝም በያ።»

«ዝም ካልኩማ አስተዋይ ናት ይለኛል።»

«ወላሂ እውነትሽን ነው። አምና አንዱ ቢያስነጥስ ትምህርት ነው ብሎ ጽፎታል እኮ።»

ስታዲየሙ ጣሪያ ነበረው። ውጭ ይዘንባል፤ ውስጥ ሰዎች ሜዳው ላይ ተራርቀው ቆመው ይተፋሉ። ብዙ ከጠበቅሁ በኋላ እትዬን «መቼ ነው የሚጀምሩት?» አልኳቸው።

«አንቺ! ግማሹ አለቀ እኮ።»

አሠሪያችን ለሁላችንም ቋሊማ በዳቦ ገዛልን። ለኔ ሁዳዴ ነው፤ ለእትዬ አሳማ ነው። የሰው ግብዣ መመለስ ነውር ሆነብንና ሁለታችንም ቋሊማችንን እንደ ጧፍ ቀጥ አድርገን ይዘን ተቀመጥን።

ድንገት ሕዝቡ ጮኸ። ቀና ሳልል ኳሱ ከላይ መጥቶ ጭኔ ላይ ባለው ካፖርት ውስጥ ዱብ አለ። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ብድግ ብሎ ይጨፍራል። ሕዝቡ መካከል የወደቀ ኳስ ለያዘው ሰው እንደሚቀር የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያኔ እኔ የገባኝ «ኳሳችን ጠፋ» እያሉ መሆኑ ነው። የሰው ዕቃ ይዤ ልቀመጥ ነው? ተነሥቼ ደረጃውን ወረድኩ። ታች የስታዲየሙን ሠራተኞች ዩኒፎርም የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። ለትልቅ ሰው በአንድ እጅ መስጠት ስለማይገባ ሁለቱንም እጄን ዘረጋሁ፤ ኳሱና ቋሊማው አብረው ቀረቡላቸው።

ሽማግሌው ፈገግ ብለው እጄን መለሱት። ጨዋ ሰው በመጀመሪያው አይቀበልምና እንደገና ሰጠኋቸው። አሁንም መለሱት። ይሉኝታቸው አሳዘነኝ። «በሞቴ! አፈር ስሆን!» እያልኩ ደረታቸው ድረስ አስጠግቼ ተጫንኳቸው። ሰው ሁሉ ወደኛ ዞሮ ያጨበጭባል። በመጨረሻ ኳሱንም ቋሊማውንም ተቀበሉኝ፤ ቋሊማውን እዚያው ገመጡት። እፎይ ብዬ ተመለስኩ።

አሠሪያችን ዕንባው እስኪመጣ ስቆ እትዬን ምን እንደሆነ ጠየቃቸው። እትዬም በሰፊው አስረዱት፤ በኛ ዘንድ እምቢታ ገና የነገሩ መጀመሪያ እንደሆነ፣ ሰው ሦስት ጊዜ ሳይለመን እሺ እንደማይል። ማስታወሻውን አውጥቶ ጻፈ።

በማግስቱ ካውያዎቹ ገና ሳይግሉ ሰበሰበን። አንዱ ስለ ትዕግሥት፣ ሌላው ዱላ አጥብቆ ስለመያዝ ተናገሩ። ተራዬ ሲደርስ «ምንም አልተማርኩም በሉልኝ» አልኩ። እትዬ ተረጎሙ። ሰውየው እጁን አጨበጨበና ወደ ባንኮኒው አመለከተኝ።

«ኖ» አልኩ።

ማስታወሻውን ገለጥ አድርጎ ፈገግ እያለ አንድ ነገር ተናገረ።

«ምን አለ?»

«አንዴ እምቢ ብላለች፤ ሁለት ይቀራታል አለ» አሉኝ እትዬ።

«ኖ!»

ሄዶ ወንበሩን ተሸክሞ መጣና ፊቴ አስቀመጠው።

«ኖ!»

«ሦስት!» ብሎ እጄን ጨብጦ እንኳን ደስ ያለሽ አለኝ። ሠራተኛው ሁሉ አጨበጨበ።

«እትዬ፣ ምን አድርገውኝ ነው?»

«እኔ ስለ ምግብ ነበር የነገርኩት፣ የኔ እህት» አሉ አቀርቅረው። ያን ጊዜ አየኋቸው። አንደኛው እግራቸው ከጫማው ወጥቶ ነበር፤ ዓይናቸው ወንበሩ ላይ ነው። የሁላችንን ሲተረጉሙ የራሳቸውን ትምህርት የጠየቃቸው አልነበረም።

እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም። ትከሻቸውን ይዤ ወንበሩ ላይ ቁጭ አደረግኋቸው። ወደ አሠሪያችን ዞሬ፣ የኔ በማይመስል ድምፅ፣ «ኖ። ሺ» አልኩት፤ እሳቸው ይሁኑ ለማለት።

እትዬ «ኧረ አይሆንም!» አሉ። አንዴ ብቻ ነው ያሉት። ከወንበሩም አልተነሡም።

ሰውየው ማስታወሻውን ወደፊትም ወደኋላም ገለጠ። ለዚህ የተጻፈ አላገኘም መሰለኝ፣ ትከሻውን ነቅንቆ ሱቁን ከፈተ።

የእትዬን ካውያም ለኔ ጨመረልኝ። በሁለቱ ካውያዎች መካከል ቆሞ፣ ዱላ እንደያዘ ሰው እጁን እያወናጨፈ፣ ይህ የትኛው የቤዝቦል ትምህርት እንደሆነ ረጅም ጊዜ አስረዳኝ። የሚተረጉሙልኝ እትዬ ግን ፊት ለፊት ደንበኛ ይዘው ነበር።