አባቴን እንጦጦ ያወጣሁበት ቅዳሜ

አባቴ ልቡ ከታመመ ወዲህ ጋደም ማለት አይችልም። ጋደም ሲል ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ስለዚህ ሳሎን ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የሚያድረው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ደግሞ ምን እንቅልፍ አለ? ጠዋት ሥራ ስሄድ ዓይኑ ቀልቶ ሳገኘው "ደህና አደርክ?" ማለቱ ራሱ ያሳፍረኝ ነበር።

ሃሞክ የሚባለውን ተንጠልጣይ የጨርቅ አልጋ የገዛሁት ለራሴ ነው። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንጦጦ ወጥተን ማደር ጀምረን ነበር። ጨርቁን በሁለት ዛፍ መሀል አስሮ እላዩ ላይ መውጣት፣ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ታዲያ አንድ ቀን ጥበቃዎቹ መጥተው "ዛፍ ላይ ማሰር ክልክል ነው" ብለው አስፈቱን። ቤት ገብቼ ስነጫነጭ አባቴ ሳቀብኝ። "አልጋ እያለሽ ምን ያንጠለጥልሻል? ጉድ እኮ ነው!" አለ። ግን ዕድሜውን ሙሉ የካ ሚካኤል አጠገብ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ሰው ነውና ነገሩ ከሐሳቡ አልወጣም። በሳምንቱ ከድሮ ዕቃው መሀል ቱቦላሬ ብረት መራርጦ፣ በየመሀሉ አረፍ እያለ፣ ዛፍ የማይፈልግ ማቆሚያ ሠራልኝ። ወዲህና ወዲያ የሚቆም እግር፣ እግሮቹን የሚያያይዝ ረጅም ብረት፣ ሁሉም በብሎን የሚፈታ።

ልሞክረው ብሎ ግቢ ውስጥ ወጣበት። ጨርቁ ደረቱን ቀና አድርጎ ያዘው። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንኮራፋ። እኔ አጠገቡ ቆሜ አለቀስኩ፤ ምን ላድርግ። ሳሎናችን ጠባብ ስለሆነ ማቆሚያው አልገባ አለ እንጂ ማታም እዚያው ባደረ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንድ ቀን እዚያ ጫካችሁ ወስደሽ አሳድሪኝ" እያለ ይጨቀጭቀኝ ጀመር። እኔ ደግሞ "ብርድ ነው፣ ሐኪሙ ይቆጣል" እያልኩ እምቢ አልኩት።

አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ሁለት ቤት አልፎ ነበር የሚኖረው። እሱም በያጅ ነው፤ ሥራውን ያስተማረው አባቴ ነው። መጣና ማቆሚያውን ዞር ዞር ብሎ አየው። "ጋሼ፣ እግሩ ጠበበ። ይገለብጥሃል" አለ። አባቴ ቱግ አለ። "አንተ ነህ ደግሞ ብየዳ የምታስተምረኝ? ሂድ የራስህን ሥራ ሥራ!" አጎቴ ወጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ አልተያዩም።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ታሞ ሆስፒታል ገባ። አክስቴ፣ የሁለቱም ታላቅ፣ ሰበሰበችንና "እሱ እንዳይሰማ፤ ልቡ አይችለውም" አለች። ሁላችንም እሺ አልን፣ እኔም ጭምር። ለአባቴ "ጅማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ ኔትወርክ የለም" ተባለ። እኛ ቤት ክፉ ወሬ እንዲህ ነው የሚያዘው፦ ሰውዬው አቅም እስኪያገኝ ይደበቃል፣ አቅም ካላገኘም ይደበቃል። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር አጎቴ እኔን አልፎ በሩን ያያል። "ጋሼ አልመጣም? እስካሁን አልበረደለትም?" ይለኛል። "ነገ ይመጣል" እለዋለሁ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ "ነገ" ስለው ከረምኩ። አባቴ ደግሞ ቤት ሆኖ "አኩርፎኝ ነው እንጂ ጅማ ስልክ ጠፍቶ ነው?" ይላል። አንዱ የሌላውን ኩርፊያ እየቆጠረ፣ እኔ በመሀል እየተመላለስኩ፣ ሁለቱንም ዋሸሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት አክስቴ ደወለች። "አረፈ" አለችኝ። ጮኼ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም፤ አባቴ ከግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ይሰማል። "አባትሽን አሁኑኑ ከሰፈር አውጪልኝ" አለች። "የእድሩ ድንኳን ሊተከል ነው፤ ነገ ሳይነጋ ጡሩምባው ይነፋል። ጠዋት ሽማግሌ ይዘን በወጉ እናረዳዋለን።"

የት ላውጣው? "አባዬ፣ ተነስ። ዛሬ እንጦጦ እናድራለን" አልኩት።

"ዛሬ ፀሐይ በየት በኩል ወጣች?" ብሎ እንደ ልጅ ብድግ አለ። ከሰፈር ፒካፕ ተኮናተርኩ። ብረቱን ጫንን። እንጦጦ ማርያምን አልፈን ስንወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አየሩን ይስባል፣ እኔ ሹፌሩ አንድ ነገር እንዳያወራ ወሬ አበዛለሁ። አይ እኛ! የልብ በሽተኛ ከወሬ ለማዳን ለብርድ ሰጠነው። ዛሬም ሳስበው ንድድ ይለኛል።

ድንኳን መትከል የሚፈቀድበት ሜዳ ላይ ማቆሚያውን ራሱ ገጠመው፤ ብሎን እንኳ አላስነካኝም። ከዚያ በእጁ ወዝወዝ አድርጎ አየው። "እውነቱን ነው" አለ። "እግሩ ጠቧል። ከጅማ ሲመለስ አብረን እናሰፋዋለን። እስቲ ደውይለት፤ ልክ ነህ ብሎሃል በይው።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ጥቂት ቆየሁ። "አይሠራም" አልኩት።

"ይሁን። እኔው አፍ ለአፍ እነግረዋለሁ" አለ።

ሁለት ብርድ ልብስና የኔን ጃኬት ደርቤለት ተኛ። ማቆሚያው እንዳይገለበጥ እግሩን በድንጋይ ደግፌ ሥሩ ተቀመጥኩ። ከስምንት ወር ወዲህ ሌሊቱን ሙሉ ሲተኛ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ጎህ ሲቀድ አስነስቼ ሽማግሌዎቹ ጋ ላደርሰው ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም። "ትንሽ ይተኛ" እያልኩ ነጋ። አክስቴ ደጋግማ ደወለች፤ በመጨረሻ "ያለንበት ኑ" አልኳት።

ከሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጋር ሜዳውን አቋርጣ ስትመጣ አባቴ ዓይኑን ገለጠ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ነበር። አይቶ ገባው። ሊነሳ ሲል ጨርቁ ዋጠው፤ ከሃሞክ ደግሞ በጥድፊያ አይወረድም። እግሩ ተጠላልፎ፣ ብረቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ "ማነው? ማነው?" ይላል። ሽማግሌዎቹ ደግፈው አወጡት።

"ወንድምህ ነው" አለች አክስቴ። "ድንገት ነው። አንድ ቀን ብቻ ነው የተኛው።"

አለቀሰ፣ ደረቱን እየደቃ። የፈራንለት ልቡ ቆሞ አልቀረም። ትንሽ ሲረጋጋ ቀና አለ። "ጠይቆኝ ነበር?" አላት።

"ራሱን አያውቅም ነበር፣ ወንድሜ። ማንንም አልጠየቀም።"

"አኩርፎኝ ሞተ" አለ አባቴ። "በቃ፣ አኩርፎኝ ሞተ።"

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ፊት ጉልበቱ ሥር ተንበርክኬ ሁሉንም ዘረገፍኩት፦ አሥራ አንድ ቀን መተኛቱን፣ በሩን በሩን ሲያይ መክረሙን፣ "ጋሼ አልመጣም?" ማለቱን፣ እኔ "ነገ" ማለቴን። "ጠይቆሃል፣ አባዬ! በየቀኑ ነው የጠየቀህ!" አልኩት። አክስቴ ትከሻዬን ቆነጠጠችኝ።

አባቴ ራሴን ዳበሰኝ። አልተቆጣም። "ተይ፣ ልጄ" አለኝ። "ልታጽናኚኝ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ።" ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን መፈለግ ጀመረ።