ከዜብራው ውጪ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስተው ቨርጂኒያ ውስጥ ወዳለችው አሌክሳንድሪያ ሲሄዱ እታለማሁ በመስኮቱ ውጪውን ታያለች። መኪናውን የምትነዳው ልጇ ሃኒ ግን ልመናዋን አላቆመችም።

«ማሚ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ዜብራው ላይ ነበርሽ ወይ ይሉሻል። አዎ በያቸው፣ ፕሊስ።»

እታለማሁ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየቤቱ እየዞረች አረጋውያንን ከአልጋ ስታነሳ፣ ስታጥብና ስታለብስ ኖራለች። አምና በበረዶው ወራት ከሥራ ወጥታ ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ስትሻገር፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የሰከረ ሰው በመኪና ገጫት። ትከሻዋ በብረት ተጠገነ፤ ክንዷ ግን ከደረቷ በላይ አይነሳም። ሰው ማንሳቱ ቀርቶ ፀጉሯን የምታበጥርላት ሃኒ ናት፤ ለዚሁ ብላ ኮሌጁን አቋርጣለች።

ሰውየው ሰክሮ በመንዳቱ ተፈርዶበታል። ካሳው ግን ራሱን የቻለ ክርክር ነበር። ጠበቃዋ አቢጊያ አልደበቀቻትም፤ «እትዬ እታለማሁ፣ የቨርጂኒያ ሕግ ጨካኝ ነው። ትንሽም ብትሆን የእርስዎ ጥፋት አለበት ከተባለ ምንም ላያገኙ ይችላሉ። በዜብራው ነው አይደል የተሻገሩት?»

ያኔ እታለማሁ አዎ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም የላትም። እውነቱን የምታውቀው ሃኒ ብቻ ናት።

ከችሎቱ በፊት ቃሏን የምትሰጥበት ክፍል ውስጥ የገጫት ሰው ኢንሹራንስ ጠበቃ፣ የሚባለውን የምትጽፈው ሴት፣ አቢጊያና አስተርጓሚው አቶ በፈቃዱ ተቀምጠው ነበር። ሃኒ ውጪ ቀረች። ለመሐላ ቀኝ እጇን እንድታነሳ ሲነገራት ሞከረች፤ አልሆነም፤ ግራዋን አነሳች።

የኢንሹራንሱ ጠበቃ አንድ ሰዓት ያህል ስለ ሥራዋና ስለ ሕመሟ ሲጠይቃት ቆየ። ከዚያ ድምፁን ሳይቀይር ያንን ጥያቄ ጠየቀ። እንግሊዝኛው ገብቷታል። አቶ በፈቃዱ እስኪተረጉም ያለችው ጊዜ ብቻ ነበራት።

«ሲገጩ ዜብራው ላይ ነበሩ?»

አቢጊያን አየቻት። አቢጊያ ያለ ስጋት ማስታወሻዋን እያገላበጠች ነው።

«አልነበርኩም» አለች እታለማሁ።

አቶ በፈቃዱ ተረጎመው። አቢጊያ ማስታወሻዋን ማገላበጥ አቆመች።

«ምን ያህል ርቀው ነበር?»

«አምስት ስድስት እርምጃ። መንገድ ጠራጊዎቹ በረዶውን ዜብራው አፍ ላይ ከምረውት ነበር፤ ወገቤ ድረስ ይመጣል። እሱ ላይ ወጥቼ እንዳልወድቅ ብዬ ዞርኩ። ግራ ቀኝ አይቻለሁ፤ መንገዱ ባዶ ነበር። መኪናው ከመታጠፊያው ነው የመጣብኝ።»

ጠበቃው ሌላ አልጠየቀም። ወረቀቱን ሰበሰበ።

ኮሪደሩ ላይ አቢጊያ አልተቆጣችም፤ ለእታለማሁ የከበዳት እሱ ነው። «ለምን ለእኔ አልነገሩኝም?»

«አፈርኩ።»

«የበረዶውንስ?»

«እሱን ካነሳሁ ሌላውም ይመጣል ብዬ ነዋ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ እታለማሁ ያለችውን ለሃኒ ነገረቻት። ሃኒ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «ስለ እኔ አላሰብሽም» አለች።

በሳምንቱ ኢንሹራንሱ ቀድሞ ልስጥ ያለውን ትንሽ ገንዘብ እንኳ አልሰጥም የሚል ደብዳቤ ላከ። እናትና ልጅ በአንድ ጠባብ አፓርታማ ውስጥ ከ«በላሽ?» እና «መድኃኒትሽን ውሰጂ» ውጪ ሳይነጋገሩ ሁለት ወር አለፈ።

አቢጊያ ግን አልተኛችም። እስከዚያ ቀን ማንም ያልፈለገውን፣ ፖሊሱ ደረቱ ላይ በያዘው ካሜራ የቀረፀውን ቪዲዮ አስወጣች። የበረዶው ክምር ዜብራውን ዘግቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰውየው ደግሞ የገዛ መኪናውን ተደግፎ እንኳ መቆም አቅቶታል፤ የት እንዳለ ፖሊሱን ይጠይቃል።

«በዚህ ደረጃ የሰከረ ሰው ‹እሷም አጥፍታለች› ብሎ ማምለጡ ቀላል አይሆንለትም» አለቻት በስልክ። «ግን ዳኞቹ ምን እንደሚሉ ቃል አልገባልዎትም።»

ዳኞቹ ጋ አልደረሰም። ችሎቱ ሊከፈት ዘጠኝ ቀን ሲቀረው ኢንሹራንሱ ተስማማ። የሆስፒታሉና የጠበቃዋ ክፍያ ተቀንሶ የተረፈው፣ ሃኒ የጀመረችውን ትምህርት ያስጨርሳታል፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም።

ሃኒ አሁንም፣ አዎ ብትያቸው ኖሮ ገንዘቡ ይበልጥ ነበር ትላለች። እታለማሁ አትከራከራትም። የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ቢሮ ውስጥ ስልክ እያነሳች ትውላለች፤ ሃኒም ጠዋት ወደ ኮሌጅ ስትሄድ መንገዷ ላይ ታደርሳታለች።