እናቴ ማካሉ የሄደችበት ዓመት

ጎማ ጠጠር ላይ ሲጎተት የሚያወጣው ድምፅ ከሌላ ድምፅ ጋር አይምታታም። ይንኮሻኮሻል፣ ትንሽ ያርፋል፣ እንደገና ይንኮሻኮሻል። በቅርቡ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኮሎምበስ አጠገብ ባለችው ደብሊን፣ ከምሠራበት ቢሮ ወጥቼ ወደ መኪናዬ ስሄድ፣ አንድ ሠራተኛ ከፓርኪንጉ ጥግ አሮጌ የመኪና ጎማ እየጎተተ ወደ ቆሻሻ መጣያው ሲወስድ ሰማሁና ቁልፌን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ እዚያው አቅራቢያ ሉዊስ ሴንተር በሚባለው ሰፈር ከቤታችን ጀርባ ባለው የእግር መንገድ ላይ እናቴ ገመድ በወገቧ አስራ ጎማ ትጎትት ነበር።

እናቴ ትርሲት ትባላለች። ኮሎምበስ ውስጥ ኒር ኢስት ሳይድ በሚባል ሰፈር ባለ አንድ ሆስፒታል ውስጥ መተንፈስ ያቃታቸውን ሕሙማን ትረዳ ነበር፤ ኦክስጅን ትሰጣቸዋለች፣ የመተንፈሻ ማሽናቸውን ትቆጣጠራለች። ያደገችው ድሬዳዋ ሙቀት ውስጥ ስለሆነ፣ የሥራ ባልደረቦቿ «ኢትዮጵያዊት ስለሆንሽ ከፍታ አይከብድሽም» ሲሏት ትስቅ ነበር። ተራራ መውጣት የጀመረችው እኔ ገና ትንሽ ሳለሁ ነው። አንዲት ነርስ ጓደኛዋ ለዕረፍት ኮሎራዶ ወሰደቻትና ፊቷ በፀሐይ ተልጦ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ተመለሰች፤ አባቴ በር ከፍቶላት «ምን ነካሽ?» ቢላት «ደግሜ እሄዳለሁ» ብላው ገባች። ደግማም ሄደች። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደቡብ አሜሪካ ካለው ትልቁ ተራራ ጫፍ ደርሳ መጣች፣ ከዚያ ደግሞ ኔፓል ያለውን ማካሉን፣ በከፍታ ከዓለም አምስተኛ የሆነውን ተራራ፣ እወጣለሁ አለች።

ኦሃዮ ሜዳ ነው። ተራራ ለመለማመድ የሚሆን ኮረብታ እንኳ በአቅራቢያችን ስላልነበረ፣ ቅጠሉ መርገፍ በጀመረበት ወራት እናቴ ከሺፍቷ ስትወጣ በሆስፒታሉ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ፣ ውሃ የሞሉ ጠርሙሶች የታጨቁበት ሻንጣ ተሸክማ፣ እየወጣች እየወረደች ትቆይ ነበር። ሥራ በማትገባበት ቀን ደግሞ ጎማውን ትጎትታለች። ውሻቸውን ይዘው የሚያልፉ ጎረቤቶች መጀመሪያ ቆመው ያዩዋት ነበር፤ ኋላ ግን ለምደዋት «ሃይ» ብቻ እያሏት ያልፉ ጀመር። ታናሽ ወንድሜ ናሆም፣ ያኔ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ጎማው ላይ ተቀምጦ ይጎተት ነበር፤ እሷም አትከለክለውም፣ ክብደት ትፈልግ ነበርና። እኔ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ እንዳያዩን እየፈራሁ ራቅ ብዬ እከተላቸው ነበር።

ኢትዮጵያውያን በምንሰበሰብበት ቤተ ክርስቲያን ወሬው ተዛብቶ ነው የደረሰው። ከሴቶቹ ሁሉ ታላቅ የሆኑትና ማንም ሲታመም፣ ሲወልድ ወይም ሲያዝን ቀድመው የሚደርሱት እትዬ ወይንሸት፣ አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እናቴን ይዘው «መቀሌ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ዘመድ አለሽ እንዴ እዚያ?» አሏት።

«መቀሌ አይደለም እትዬ፣ ማካሉ። ተራራ ነው።»

«ምን ልታደርጊ?»

«ልወጣው።»

እትዬ ወይንሸት ትንሽ አሰቡና «ትልቁ እሱ ነው?» ብለው ጠየቁ። እናቴ አምስተኛ መሆኑን ነገረቻቸው። «ለአምስተኛ ነው ይሄ ሁሉ?» አሉና ራሳቸውን እየነቀነቁ ሄዱ፤ እናቴ ግን መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ሳቋን መያዝ አቅቷት ነበር።

በረዶው ሲመጣ ሳቁ ቆመ። አባቴ ደረጀ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ማሽን የሚጠግን፣ የራሱ ቫን ያለው፣ ዝምታ የሚያበዛ ሰው ነው። ለወራት ምንም ሳይል ቆይቶ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ ውስጥ ዕቃዋን ስታስተካክል ገብቶ በሩን ዘጋው። እኔ ከበሩ ወዲህ፣ ቤት ውስጥ፣ ጫማዬን አጠልቅ ነበርና ሰማኋቸው።

«ልጆች አሉሽ» አላት።

«አንተም አሉህ። በበረዶ የሰው ጣራ ላይ ማሽን ልትጠግን ስትወጣ የጠየቀህ የለም።»

«እሱ ሥራ ነው ትርሲት። እንጀራ ነው።»

«አውቃለሁ። ይሄ እንጀራ አይደለም። ያለ እሱ ግን እኔ ልክ አልሆንም፣ ሌላ የምነግርህ ነገር የለኝም።»

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀናት ቤታችን ውስጥ ስለ ምግብና ስለ ስኩል ባስ ካልሆነ ወሬ አልነበረም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ጋራዥ ውስጥ አጎንብሶ አገኘሁት፤ ከአሮጌ መኪና የቆረጠውን ሰፊ የወንበር ቀበቶ በወፍራም ክር እየሰፋ፣ ጫፉ ላይ የብረት መንጠቆ እያሰረ ነበር። ገመዱ እናቴን ወገቧ ላይ አቁስሏት ስለነበር ቁስሉን አይቶት ኖሯል። ቀበቶውን ጎማው ላይ አስቀምጦ ወደ ቤት ገባ። እሷም በማግስቱ ታጥቃው ወጣች። እኔ የምጠብቀው አባቴ እንዲያስቀራት ስለነበር፣ ያን ቀበቶ ሳየው በሁለቱም ላይ ተናደድኩ።

በሚያዝያ፣ የሰፈራችን ዛፎች ነጭ አበባ ባወጡበት ሳምንት፣ ኤርፖርት ሸኘናት። ናሆም በእንግሊዝኛ «ልትሞቺ ነው?» ብሎ ጠየቃት፤ ሰው ሁሉ የዞረ መሰለኝ። እናቴ ተንበርክካ በአማርኛ «እንዳልሞት በጣም እጠነቀቃለሁ» አለችው። እኔ «እመለሳለሁ ብለሽ ፕሮሚስ አድርጊ» አልኳት። የጓደኞቼ እናቶች ለትንሹም ለትልቁም ፕሮሚስ ያደርጋሉ። እሷ ግን ፊቴን በሁለት እጆቿ ይዛ «እሱን አልችልም ልጄ» ብላኝ ሻንጣዋን አንስታ ገባች። ወደ ቤት ስንመለስ ከአባቴ ጋር አላወራሁም፤ እሱም አላስገደደኝም።

ከዚያ በኋላ በየጥቂት ቀኑ በሳተላይት ስልክ ትደውልልን ነበር። ድምፅዋ እየተቆራረጠ ብርዱን፣ ሳሏን፣ ድንኳን ውስጥ የምትበላውን ሾርባ ትነግረናለች፤ አባቴ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አስቀምጦ ሁላችንም አጎንብሰን እንሰማት ነበር። በግንቦት አንድ ሐሙስ ከመጨረሻው ካምፕ ደውላ አየሩ ጥሩ መሆኑን፣ ወደ ጫፉ ሊነሱ መሆናቸውን ነገረችን። ዓርብ አልደወለችም። ቅዳሜ ጉዞውን ካዘጋጁት ሰዎች ለአባቴ መልእክት መጣ፤ ከባድ ነፋስ ተነሥቶ ቡድኑ እንደተበታተነ፣ አንድ ሰው እንደሞተ፣ ማን እንደሆነ ግን ገና እንዳልተጣራ ይናገር ነበር። አባቴ መልእክቱን ለእኔም አነበበልኝ። ልጅ ነች ብሎ አልደበቀኝም፣ ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን እንዲጸልዩ ለፓስተሩ ደውሎ ነገረው፣ እኛ ግን ከቤት አልወጣንም።

እሑድ ከቀትር በኋላ መንገዳችን በመኪና ሞላ። እትዬ ወይንሸት ከፊት፣ ሴቶቹ ድስት ይዘው ከኋላ፣ ወንዶቹ ደግሞ ለቅሶ ሲሆን ከቤተ ክርስቲያኑ መጋዘን የሚወጡትን ተጣጣፊ ወንበሮች ተሸክመው መጡ። እነዚያን ወንበሮች አውቃቸዋለሁ፤ ሰው የሞተበት ቤት ስንሄድ ሁልጊዜ የምንቀመጠው እነሱ ላይ ነበር። አባቴ በሩን ከፍቶ ደፉ ላይ ቆመ።

«እትዬ ወይንሸት» አላቸው፣ «ምግቡን እንበላለን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወንበሩን ግን ይመልሱልኝ።»

«ደረጀ፣ ሰው ብዙ ነው እኮ፣ የት ይቀመጣል?»

«መሬት ላይ። እኔም መሬት ላይ እቀመጣለሁ። ያ ወንበር ግን ቤቴ አይገባም።»

ከወንዶቹ አንዱ ሊናገር አፉን ሲከፍት እትዬ ወይንሸት በእጃቸው ዝም አሰኙትና «መልሱት፣ መኪና ውስጥ አስገቡት» አሉ። እሳቸውም ጉልበታቸው እያመማቸው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ፤ ሌላውም ተከትሎ ተቀመጠ። ጸለዩ፣ በላን፣ ሲመሽ ሄዱ። ያለቀሰ ሰው አልነበረም፤ አባቴን ፈርተው ይመስለኛል።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ምሳችንን ሠርቶ ስኩል ባስ ላይ ጫነን። ክፍል ውስጥ አስተማሪዋ የምታወራው አይገባኝም ነበር። ከምሳ በፊት ከቢሮ ተጠራሁ። ኮሪደሩን ጨርሼ ስታጠፍ አባቴን በሥራ ልብሱ፣ ናሆምን እጁን ይዞ፣ ቆሞ አየሁት፤ ፊቱ እንባ በእንባ ነው። ከዚያ በፊት ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። እናቴ ሞታለች ብዬ ባለሁበት ቆምኩ። እሱም ገባውና ከሩቅ፣ የቢሮዋ ሴት እስክትደነግጥ ድረስ ጮኾ «ደውላለች! ደውላለች!» አለኝ።

ተመልሳ ነበር። ጫፉ እየታያት ዞራ፣ ከመሪዋ ጋር በነፋሱ ውስጥ እየተንፏቀቀች ወርዳ፣ ስልክ ያለበት ቦታ እስክትደርስ ነው የዘገየችው። የሞተው ከፖላንድ የመጣ፣ እሷ በላከችልን ፎቶ ላይ አጠገቧ ቆሞ የሚስቅ ሰው ነበር። እሱ አልዞረም።

ትምህርት ሲዘጋ እናቴ ቀኝ እጇ ተጠቅልሎ፣ ልብሷ ሰፍቷት መጣች። ሁለት ጣቶቿ በብርዱ ሞተው ስለነበር እዚሁ ኮሎምበስ ጫፋቸው ተቆረጠ። እስክትድን ናሆም ጫማዋን ያስርላት፣ እኔ ጸጉሯን አበጥርላት ነበር፤ ኩርፊያዬ መቼ እንደለቀቀኝ አላስታውስም። ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት እንድትሰጥ ሲጠሯት ወጥታ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተመልሻለሁ፤ የሞተውን ወንድማችንን ቤተሰብ አስቡልኝ» ብላ ወረደች። ሕዝቡ ግን ይህ አልበቃውም። ፓስተሩ ማይኩን ተቀብሎ «እናት ናት፣ ጫፉ ላይ ልትደርስ ስትል የልጆቿ ፊት ታያትና ተመለሰች» አለ፤ እልልታው ቀለጠ። እናቴ አንገቷን ደፋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪኩ እንደዚያ ሆነ። እኔም በዚያ ታሪክ ነው ያደግኩት፤ ስናደድባትም፣ ስናፍቃትም፣ በመጨረሻ እኛን መርጣለች እያልኩ እጽናና ነበር።

እናቴ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ከፍታ አልወጣችም፤ ጣቶቿ ብርድ አይችሉም። አሁን ጡረታ ወጥታ እዚያው ሉዊስ ሴንተር ከአባቴ ጋር ትኖራለች። ዘንድሮ አንድ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ሄጄ፣ እናቴ ሰላጣ እየከተፈች ሳለ፣ ለምን ያን ቀን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠየቅኳት።

«ማሚ፣ ያኔ ከጫፉ የተመለስሽው ለእኛ ብለሽ ነው?»

ቢላዋውን አስቀመጠችው። «ማን አለሽ?»

«ሁሉም ሰው።»

«አይደለም» አለች። «እጄ አልታዘዝ አለኝ፣ ነፋሱም በረታ። ብቀጥል እንደምሞት ገባኝና ዞርኩ። እናንተን ያን ሰዓት አላሰብኳችሁም ልጄ። እዚያ ላይ ከሚቀጥለው ትንፋሽ ሌላ ምንም አይታሰብም።»

«ዳዲ ያውቃል?»

«ከኔፓል የመጣሁ ዕለት፣ ከኤርፖርት ስንመለስ፣ እናንተ ከኋላ ተኝታችሁ፣ መኪና ውስጥ ነገርኩት። ‹መጥተሻል፣ ለምን እንደዞርሽ አልጠየቅኩሽም› አለኝ።» ከዚያ ቢላዋውን አንስታ መክተፏን ቀጠለች።

ያን ጊዜ፣ በአሥራ አንድ ዓመቴ፣ ይህን ብሰማ ኖሮ ለዓመታት አኮርፋት ነበር። አሁን የራሴ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው። ጠዋት ትምህርት ቤቷ በር ላይ አውርጃት ደብሊን ቢሮዬ ስገባና ሥራው ሲይዘኝ፣ እስከ ማታ አንድ ጊዜ እንኳ ሳላስባት የምውልባቸው ቀኖች አሉ፤ ማታ ግን ወደ እሷ እመለሳለሁ።