መስመር ያለቀበት መዝገብ

በደርግ ዘመን ደባርቅ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራዬ ለሚገባውም ለሚወጣውም ደብዳቤ ቁጥር መስጠት ነው። ቁጥር ያላገኘ ደብዳቤ ከሰማይ ቢወርድ እንኳ እንዳልመጣ ይቆጠራል።

ክፍሏ ጠባብ ነበረች። ከንጉሡ ጊዜ የተረፉት መዛግብት ጣሪያ ነክተው ስለነበር ቢነሡ ቆርቆሮው እላያችን ላይ ይወርዳል። ወንበር አይገባም፤ ወጪው መዝገብ ላይ ተቀምጬ ገቢውን ጠረጴዛ አደርጋለሁ። አይጦቹ ሳይቀሩ ጠብቧቸው ወደ ጎረቤት እህል መጋዘን ተዛውረዋል፤ ያውም ያለ ዝውውር ደብዳቤ።

አሮጌዎቹን ለምን አልጣልካቸውም ትሉኝ ይሆናል። «ማንኛውም ጽሑፍ ያለ ፈቃድ እንዳይወገድ» የሚል ሰርኩላር ከበላይ ወርዶልን ነበር። የመዝገቡ ገጾች ተቆጥረው ማኅተም ተመትቶባቸዋልና ወረቀት መጨመርም አይሞከር።

አንድ ሰኞ ጠዋት የገቢውም የወጪውም መዝገብ የመጨረሻ መስመር አለቀ። ኃላፊዬ ዘንድ ገባሁ፤ ከበላይ አካል ቀጥሎ ሳቅ የሚፈራ ሰው ነበር።

«ጓድ፣ መዝገብ አልቋል።»

«ይላክልን ብለህ ጻፋ!»

«ጽፌያለሁ። ግን ደብዳቤው ወጪ የሚደረግበት መስመር የለም።»

«እንግዲያው መስመር እስኪገኝ ምንም አይገባም፤ ምንም አይወጣም» አለ። እንዲህ አድርገን መንግሥትን አቆምነው።

ሐሙስ ዕለት አንድ መምህር ከአምባራስ በእግሩ መጣ። ሚስቱ ወዳለችበት ዳባት ለመዛወር ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያመለክት የኖረ ሰው ነው። አሁን እሷ ወሯ ገብቷል። ዝውውሩ ተፈቅዶለታል፤ ግን እስከ ነገ ዓርብ ደብዳቤውን ይዞ ዳባት ካልቀረበ ቦታው ለሌላ ይሰጣል።

«ደብዳቤዬ መጥቷል?»

«አልመጣም።»

«ያ ጉልበትህ ላይ ያለው ስሜ አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን ገና አልመጣም።»

«ወንድሜ፣ በእመብርሃን፣ ቀልዱን ለሌላ ቀን አቆይልኝ!»

በሕይወቴ አንዴ ቁም ነገር ብናገር ቀልድ ተባለብኝ። እጁን ይዤ ኃላፊዬ ጋ ወሰድኩት።

«ሚስቱ ልትወልድ ነው፣ ጓድ።»

«ትውለዳ! ማን ከለከላት? እኛ ደብዳቤ ያዝን እንጂ ምጥ አልያዝን!»

መምህሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ኃላፊዬ እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ፤ ከፈተ፣ ዘጋ።

ይኼኔ የቤተ ክህነት ትምህርቴ ትዝ አለኝ። ቁም ጸሐፊ ብራና ላይ ሲሳሳት በስለት ፍቆ በላዩ ይጽፋል።

«አንድ መስመር እንፋቅ» አልኩ።

ኃላፊዬ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «የቱን?»

አገር ሳይፈርስ ሊፋቅ የሚችል ደብዳቤ ፍለጋ ገባን። የበግ ክትባቱን ስለው «በጎቹ ቢያልቁ ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ። የስብሰባ ጥሪውን ስለው «አልተጠራሁም ልበል? ያስጠረጥራል!» መልስ ስለማዘግየታችን የተጻፈውን ወቀሳ ስለው «እሱንማ ገና አልመለስንለትም።»

መምህሩ ተነሥቶ በትከሻችን ላይ ሲያነብ ቆየና ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ። ጽሑፍ ማስወገድን የሚከለክለው ሰርኩላር የተመዘገበበት ነበር።

«ይኼ ቢፋቅ፣» አለ ዝግ ብሎ፣ «መፋቅ የሚከለክል ነገር አልደረሳችሁም ማለት ነው።»

ኃላፊዬ በመስኮት ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ አየ። «ፋቅ» አለኝ።

ወረቀት እንደ ብራና አይችልም፤ በምላጭ ስፍቀው ሊበሳ ለጥቂት ነው የተረፈው። የሳሳው ላይ ቀለሙ ተስፋፍቶ የመምህሩ ስም እንደ ሚኒስትር ስም ወፈረ። ያገኘው ቁጥርና ቀን የሰርኩላሩ ነበርና፣ በመዝገቡ መሠረት ደብዳቤው ከመጻፉ ሁለት ዓመት ቀድሞ ደርሶናል። በዚያ መሥሪያ ቤት እንደዚያ የፈጠነ ጉዳይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

መምህሩ ፈርሞ ወሰደ። በዳባት አልፎ ወደ ጎንደር የሚሄድ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ቆሞ አግኝቶ የእህል ጆንያ ላይ ወጣ። መኪናው ሲነሣ ደብዳቤውን ከፍ አድርጎ አውለበለበልን። ኃላፊዬ እስከ መንገዱ ድረስ ሮጠ።

«ኪስህ ክተተው፣ አንተ ሰው! ነፋስ ከወሰደው የምፍቅልህ ሌላ መስመር የለኝም!»

የሚሰማው አላገኘም። መምህሩ ፊቱን ወደ ዳባት አዙሮ ነበር።